የፓወር ፖፕ ባንድ የከቨር ዘፈኖች አልበም እንዴት ይቀርጻል?

ፓወር ፖፕ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው የእንግሊዙ ጊታር ተጫዋች ፒት ታውንሼንድ ነው። ጉልበት ያለው ጊታር፣ አንዴ የሰማው ሰው የሚያንጎራጉረው ዜማ፣ አዝማቹ ላይ የሚደራረብ ድምፅ፤ መለያዎቹ እነዚህ ናቸው። የሌላ ሰው ዘፈን (ከቨር) ስትቀርጹ በየደረጃው የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ዜማው ጎልቶ ወጣ ወይስ ተዋጠ?

1. ምርጫ

ከ10 እስከ 12 ዘፈን ለሚይዝ አልበም 15 ያህል ተለማመዱ፤ ሦስት አራቱ መንገድ ላይ መቅረታቸው አይቀርም። እያንዳንዱን በመጀመሪያ በአንድ አኮስቲክ ጊታርና በአንድ ድምፅ ብቻ ሞክሩት። እንዲህ ተራቁቶም ልብ የሚይዝ ከሆነ ይሠራል። ውበቱ ያለው በዋናው ድምፃዊ ለዛ ወይም በአንድ የኪቦርድ ድምፅ ላይ ከሆነ ተዉት፤ ደክማችሁ የምታገኙት ደካማ ግልባጭ ነው። ቅንብሩን ከጨረሳችሁ በኋላ እስከ ቀረጻው ድረስ ዋናውን አትስሙ። ጆሮ ሳያውቀው ወደ ሰማው ይመለሳል።

2. ፈቃድ

የሚያስፈልጋችሁ የግጥምና የዜማው ባለመብት ፈቃድ ነው። ከዋናው ቅጂ ምንም ድምፅ ቆርጣችሁ ካልወሰዳችሁ የቀረጻውን ባለቤት መጠየቅ አይጠበቅባችሁም። ግጥም መቀየር ወይም መተርጎም ግን ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዘፈኑን ከቪዲዮ ጋር ማውጣትም እንዲሁ። አሠራሩ ከአገር አገር ስለሚለያይና ምላሹ ሊዘገይ ስለሚችል ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ጀምሩት።

3. ዘፈኑን ለድምፃዊው ማስማማት

የአዝማቹ ከፍተኛ ኖታ ድምፃዊው ከሚደርስበት ጣሪያ አንድ ወይም ሁለት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ብዙ ባንዶች ለምቾት ሲሉ ከዚያም ያወርዱታል፤ ያን ጊዜ አዝማቹ ይተኛል። ይህ ሙዚቃ ድምፃዊው ትንሽ ሲለፋ ነው የሚያምረው።

አዲሱ ኪይ (የዘፈኑ መነሻ ድምፅ) ኢ ፍላት ላይ ከወደቀ ጊታሮቹንም ቤዙንም በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙና የኢን ኮርዶች ተጫወቱ። የማይያዙት ክፍት ክሮች እንዲያስተጋቡ እንፈልጋለን፤ በባሬ ኮርድ (በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ በመጫን በሚያዝ ኮርድ) ብቻ የተሞላ ዘፈን ይታፈናል።

4. ድራም

በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ ቅረጹ፤ ከፍተኛው ምት ከዜሮ (መቅረጫው ከሚችለው ጣሪያ) በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ከላይ የሚሰቀሉት ሁለት ማይኮች ከስኔሩ (ሹል ድምፅ ከሚሰጠው ከበሮ) መሃል ያላቸው ርቀት እኩል መሆኑን በገመድ ለኩ። የ20 ሴንቲሜትር ልዩነት እንኳ የስኔሩን ድምፅ ያሳሳዋል፣ ወደ አንድ ጎንም ይጎትተዋል። ሲምባል የሚያበዛ ድራመር ካላችሁ ስንኙ ላይ ሃይ-ሃቱን (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል) ዘግቶ እንዲመታ ንገሩት። የሲምባሉ ጩኸት የሚሸፍነው አጃቢ ድምፆችን ነው፣ በሚክሲንግም (የተቀረጹት ድምፆች ተመጣጥነው ሲዋሃዱም) አይለቅም።

5. ጊታር

አዲስ ክር ከቀረጻው አንድ ቀን በፊት ግጠሙ። 12ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ ተጭናችሁ ስትመቱ ድምፁ በዚያው ቦታ ክሩን ነክታችሁ ብቻ ከምታወጡት ሃርሞኒክ ከፍ ካለ፣ ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ላይ ያለውን የክሩን መቀመጫ ወደ ኋላ ሳቡት። ቅኝቱን ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ፈትሹ፤ የተደራረቡ ጊታሮች ትንሿን ስህተት ያባዟታል።

ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን) መድረክ ላይ ከለመዳችሁት ቀንሱ። ሁለት ሦስት ጊታር ሲደመር ብዛቱ ራሱ ውፍረት ይሰጣል፤ ዲስቶርሽን ከበዛ ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር መለየት ያቅታል። አንዱን ጊታር ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ስትልኩ ሁለተኛውን እንደገና ተጫወቱት። ያንኑ ቅጂ በሁለቱም በኩል ብትደግሙት መሃል ላይ ይበልጥ ይጮኻል እንጂ አይሰፋም። ዘፈኑ በኤ ኪይ ከሆነ አንደኛው በክፍት ኮርድ ይሂድ፣ ሁለተኛው ካፖውን (ክሮቹን ሁሉ የሚጫነውን መቆንጠጫ) 7ኛው ፍሬት ላይ አስሮ የዲ ቅርጽ ይያዝ። ባለ 12 ክር ጊታር ካላችሁ ቦታው እዚህ ነው፤ ያለ ዲስቶርሽን።

6. ድምፅ

ድምፃዊው ከማይኩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ መሃል ላይ ፖፕ ፊልተር (የትንፋሽ መከላከያ ወንፊት) ይኑር። መሪውን ድምፅ አዝማቹ ላይ ሁለት ጊዜ ቅረጹ፤ ሁለተኛውን በሚክሲንግ ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

አጃቢዎቹ ከዜማው በላይ በሦስተኛ ኖታ (ከዜማው ኖታ ጀምሮ ሲቆጠር ሦስተኛው) ይጀምሩ፣ ግን ጭፍን ሆነው አይከተሉት፤ ኮርዱ ሲቀየር የማይስማማውን ኖታ ቀይሩ። ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው በቃል መጨረሻ ነው። «ልብ» ወይም «ቤት» በሚል ቃል ላይ አራት ሰው «ብ»ን ወይም «ት»ን ለየራሱ ከዘጋ የሚሰማው እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ ነገር ነው። መሪው ብቻ ይዝጋው፤ ሌሎቹ አናባቢውን ይዘው ይቁሙ። ትንፋሽ የሚወሰድበትንም ቦታ ግጥሙ ላይ በእርሳስ አስምሩ።

ጭብጨባ ካለ ሦስት ወይም አራት ሰው ከአንድ ማይክ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ይቁምና አራት ጊዜ ይቀረጽ፤ በየዙሩ ቦታ ተቀያየሩ። ገሚሱ መዳፉን አጉብጦ፣ ገሚሱ ዘርግቶ ያጨብጭብ። በኮምፒውተር ፍጹም አታሰልፉት፤ ከተሰለፈ የብዙ ሰው ጭብጨባ መሆኑ ይቀራል።

7. ሚክሲንግና ቅደም ተከተል

ከቤዝና ከኪክ (በእግር ከሚመታው ትልቁ ከበሮ) በስተቀር በአብዛኛው ድምፅ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ከዚያ ሚክሱን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ስሙት። የመጀመሪያው የሚጠፋው ዜማው ከሆነ ሌላውን ሁሉ ዝቅ አድርጉ። ለማስተሪንግ (ለአልበሙ የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ስትልኩ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ያህል ቦታ ተዉ።

በተመሳሳይ ኪይና ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት ዘፈኖችን አታጎራብቱ። በሸክላ የምታሳትሙ ከሆነ አንዱ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙ ባይበልጥ ይመረጣል፣ ሲረዝም ድምፁ ያንሳልና። ወደ ሸክላው መሃል ሲጠጋ የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፅ መሻከር ስለሚጀምር አጃቢ የበዛበትን ዘፈን መጨረሻ ላይ አታድርጉት። በሽፋኑ ላይ የእያንዳንዱን ዘፈን የግጥምና የዜማ ደራሲ በፈቃዱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል አስፍሩ።