«ጎበዝ ናት፣ ግን ዝምተኛ ናት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

አስተማሪ ነኝ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሪፖርት ካርድ ላይ አስተያየት እጽፋለሁ። ለዓመታት ጭምቷን ልጅ «ጎበዝ ናት፣ ግን ዝምተኛ ናት»፣ ተጫዋቹን ደግሞ «ጎበዝ ነው፣ ግን ወሬ ያበዛል» እያልኩ ስጽፍ ኖርኩ። አንድ ቀን አንዷ ተማሪዬ ካርዷን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ዝም ማለቴ ነው ጥፋቱ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናንተም ስለ ልጅ ወይም ስለ ሠራተኛ አስተያየት የምትጽፉ ከሆነ፣ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ «ግን»ን ሰርዙ። ጠባይን ጥፋት የምታደርገው ያቺ ትንሽ ቃል ናት። «ቀስ በቀስ ትከፈታለች» የሚለውንም ተዉት። ልጅቷ የተዘጋ በር አይደለችም።

ከዚያ ጭምትነትን ከዓይን አፋርነት ለዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓይን አፋር ልጅ መናገር እየፈለገ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይፈራል። ጭምት ልጅ ጨርሶ ላይፈራ ይችላል። ሰው ሲበዛበት ይደክመዋል፣ ጸጥታ ሲያገኝ ይበረታል፣ በቃ።

እንዴት ትለያላችሁ? ጠይቁና ጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚታገሱ አስተውላ ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፣ የሚመልሱት ልጆችም በዙ። እኔም በልቤ እየቆጠርኩ መጠበቅ ጀመርኩ። ያቺ ልጅ መጀመሪያ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ትጽፋለች። ትሰርዛለች። እንደገና ትጽፋለች። ከዚያ እጇን እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ ታነሳለች። ስትናገር ድምጿ አይንቀጠቀጥም። ለካ ፈርታ አልነበረም፤ የምቸኩለው እኔ ነበርኩ።

በተጫዋቾች ላይ የምንፈርደው ፍርድ ደግሞ ብዙም አይወራም። «ጥልቀት የለውም»፣ «እሱን ምን ይነካዋል» እንላለን። አንዱን ዝም በል ልለው ስጠጋ፣ ለጎኑ ልጅ ክፍልፋይ እያስረዳ ነበር። መሃል ላይ «ቆይ ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ ራሱን አረመ። እያወራ ነው የሚያስበው። ይኸው ልጅ ሌላ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሲከፋው ማናችንም ምን ሆንክ አላልነውም። ሳቂታ ነዋ! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰውን ለሁለት አትክፈሉ። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ «ኢንትሮቨርት» (ጭምት) እና «ኤክስትሮቨርት» (ተጫዋች) ሲጽፍ እንኳ፣ ሁለቱም ዝንባሌዎች በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ እንዳሉ ተናግሯል። አብዛኞቻችን መሃል አካባቢ ነን።

ስትጽፉ እንግዲህ ያያችሁትን ጻፉ። አሁን የእሷ ካርድ «ጊዜ ስታገኝ አስባ ትመልሳለች፤ ስህተቷን ራሷ ታርማለች» ይላል። የእሱ ደግሞ «ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ትምህርቱ ይበልጥ ይገባዋል። ዝም ካለ ከፍቶት ሊሆን ይችላልና እባካችሁ ጠይቁት።»