ያገለገለ ባለ ሦስት ረድፍ መኪና ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሦስተኛዋ ልጃችን ልትወለድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት እናቴ ባለቤቴን ልታርስ ከአዲስ አበባ መጣች። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት ልንቀበላት ሄድን። መኪናዋን ከገዛናት ገና አንድ ወር አልሞላትም። ያገለገለች ግን ንጹህ፣ ባለ ሰባት ወንበር። "ሰባት" የሚለውን ቁጥር አምነን ነው የገዛናት።

እናቴ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዛለች። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የአጥሚቱ እህል ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሦስተኛውን ረድፍ ስንዘረጋው ሻንጣው አልገባ አለ። ስናጥፈው ደግሞ እናቴ የምትቀመጥበት የለም፤ መሃሉን የልጆቹ ካር ሲቶች (የልጅ መቀመጫዎች) ይዘውታል። በመጨረሻ ሻንጣዎቹ በዘመድ መኪና መጡ። እናቴ ግን ከኋላ መግባት ነበረባት። ጉልበቷን ያማታል። "ግድ የለም ልጄ፣ እገባለሁ" አለችኝ። የበሩን ጠርዝ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለቱ ካር ሲቶች መሃል ስታልፍ ቆሜ አየኋት። ያን ቀን አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ቤተሰብ የሚጭን መኪና ሲገዛ አብሬ እሄዳለሁ። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ወንበር ቆጥሮ መግዛት

"ሰባት ሰው ይይዛል" የሚለው ማስታወቂያ ሁለት የተለያዩ መኪናዎችን ሊገልጽ ይችላል። አንደኛው ከፊት ሁለት፣ መሃል ሁለት፣ ከኋላ ሦስት ነው። መሃሉ ላይ ያሉት ተነጣጥለው የቆሙ ወንበሮች "ካፕቴን ቼር" ይባላሉ። ሌላው ከፊት ሁለት፣ መሃል ሦስት፣ ከኋላ ሁለት ነው። ይሄኛው መሃል ላይ ወጥ ወንበር፣ ማለትም "ቤንች" አለው። የ2013 እስከ 2020 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒሳን ፓዝፋይንደር የሁለተኛው ዓይነት ነው። ቶዮታ ሃይላንደር ወይም ኪያ ቴሉራይድ በካፕቴን ቼር ሲመጡ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። የ2011 እስከ 2019 ፎርድ ኤክስፕሎረር ደግሞ በቤንች ሰባት ይይዛል፣ በካፕቴን ቼር ግን ስድስት ብቻ።

ልዩነቱ ለቤተሰብ ትልቅ ነው። ሦስት ትንንሽ ልጆች ካሉዎት መሃል ላይ ሦስት ወንበር ያለው መኪና ሁሉንም እጅዎ በሚደርስበት ያስቀምጥልዎታል። ካፕቴን ቼር ከሆነ አንዱ ልጅ የግድ ወደ ኋላ ይሄዳል። እሱን ለማሰር እርስዎም በየቀኑ ወደ ኋላ ይገባሉ። በሌላ በኩል በሁለቱ ወንበሮች መሃል መተላለፊያ አለ፤ ልጆቹ ካደጉ ማንንም ሳያስነሱ ራሳቸው ገብተው ይቀመጣሉ። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የልጆችዎ ዕድሜ ነው። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓመት ምርት ሆኖ እንኳ በሁለቱም አቀማመጥ ሊገኝ ስለሚችል ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።

የእግር ቦታውም እንዲሁ ይለያያል። አምራቾቹ ባወጡት ልኬት የ2014 እስከ 2019 ሃይላንደር ሦስተኛ ረድፍ 27.7 ኢንች የእግር ቦታ አለው፤ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። የ2016 እስከ 2022 ሆንዳ ፓይለት 31.9 ኢንች አለው። የ2018 እስከ 2023 ሼቭሮሌ ትራቨርስ 33.5 ይደርሳል። ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም። ወንበሩ ከወለሉ ብዙ ከፍ ካላለ ጉልበት ወደ አገጭ ይጠጋል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ረጅሙ ሰው ኋላ ገብቶ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። በቅድሚያ ግን የፊቱንም የመሃሉንም ወንበር ሁልጊዜ በምትቀመጡበት ልክ አስተካክሉት። ብዙ ሻጮች የመሃሉን ወንበር ወደ ፊት ገፍተው ነው የኋላውን የሚያሳዩት።

ካር ሲቶቹን ቤት ትቶ መሄድ

ይሄ ከሁሉ የሚበልጥ ስህተት ይመስለኛል። እኛም የሳትነው እዚህ ላይ ነው።

በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ልጅ ስምንት ዓመት እስኪሞላው በጥቅሉ በካር ሲት ወይም በቡስተር (ቀበቶው እንዲስማማው ልጁን ከፍ በሚያደርግ መቀመጫ) መቀመጥ አለበት። ሁለት ዓመት እስኪሆነውም ብዙውን ጊዜ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ወደ ኋላ የዞረ ካር ሲት ብዙ ቦታ ይበላል። የፊተኛው ወንበር ወደ ፊት እንዲጠጋ ያስገድዳል። ረጅም አሽከርካሪ ከሆኑ ጉልበትዎ ዳሽቦርዱን ሊነካ ይችላል።

ከዚያ የብረት መያዣዎቹን ይፈልጉ። ከመስከረም 2002 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ወይም የገባ መኪና ካር ሲት የሚታሰርበት "ላች" የሚባል መያዣ እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። ግን ሕጉ የታች መያዣ የሚጠይቀው ቢያንስ በሁለት ወንበሮች ላይ ነው። ስለዚህ በብዙ መኪናዎች ሁለቱም መሃል ረድፍ ላይ ይሆኑና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ምንም አይኖርም፤ ወይም አንድ ብቻ ይኖራል። ይሄ መኪናውን መጥፎ አያደርገውም። በመኪናው ቀበቶ በደንብ የታሰረ ካር ሲት እኩል ደህንነት አለው። እንዲያውም የልጁና የካር ሲቱ ክብደት አንድ ላይ 65 ፓውንድ ካለፈ በታች መያዣው ሳይሆን በቀበቶው መታሰር አለበት። ፊቱን ወደ ፊት ላዞረ ካር ሲት ግን የላይኛው ማሰሪያ የሚያዝበት ቦታ በየወንበሩ ጀርባ መኖሩን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። ካሰሩት በኋላ ቀበቶው የሚያልፍበት ጋ ይዘው ይነቅንቁት። ከአንድ ኢንች በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልታሰረም።

አሁን ዋናውን ፈተና ያድርጉ። ካር ሲቶቹ መሃል ላይ እንደታሰሩ አንድ ሰው ወደ ኋላ ይግባ። ቤንች ከሆነ ካር ሲት የታሰረበት ወገን ብዙ ጊዜ ወደ ፊት አይታጠፍም፤ መግቢያው ይዘጋል። ፓዝፋይንደር ከ2013 ጀምሮ ባዶ ካር ሲት እንደታሰረ በቀኝ በኩል ያለው ወንበር ወደ ፊት እንዲንሸራተት አድርጎ ነው የተሠራው። ለትንንሽ ልጆች ወላጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሌሎቹ ላይ ግን በእግረኛ መንገዱ በኩል ያለውን ቀኝ ወንበር ከካር ሲት ነጻ ማድረግ ይሻላል። ልጆችን ትምህርት ቤት በር ላይ ስታወርዱ መኪና በሚያልፍበት በኩል መውጣት የለባቸውም።

ለአያቶችም አስቡ። እኛ በኋላ ያደረግነው የስድስት ዓመቱን ልጅ ከነቡስተሩ ወደ ኋላ ማስተላለፍ ነው። እሱ ደስ ብሎት ገባ። እናቴ መሃል ላይ ተቀመጠች።

ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ዕቃው የት እንደሚገባ አለማሰብ

በፎቶ ላይ የሚያዩት ሰፊ የዕቃ ቦታ ወንበሩ ታጥፎ የተነሳ ነው። ሲዘረጋ የ2014 እስከ 2019 ሃይላንደር 13.8 ኪዩቢክ ጫማ ይቀረዋል። ትራቨርስ 23 ያህል አለው። ያጣጠፉትን የልጅ ጋሪ ወይም አንድ ትልቅ ሻንጣ ይዘው ይሂዱና ያስገቡ። ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ውላችሁ ድፎ ዳቦውን፣ ድስቱንና ማቀዝቀዣውን ሳጥን ይዛችሁ ወደ ዘመድ ቤት የምትሄዱ ከሆነ እሱንም አስቡት።

ክብደቱም አለ። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ምልክት የሰውና የዕቃ ጠቅላላ ክብደት ስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት ይናገራል። ሰባ አምስት ኪሎ የሚመዝኑ ሰባት ሰዎች ብቻቸውን 525 ኪሎ፣ ወደ 1,157 ፓውንድ ናቸው። ከምልክቱ ላይ ይቀንሱት። የቀረው ለሻንጣ ነው።

ሚኒቫንን ንቆ ማለፍ

ብዙ ወንድሞቼ "ሚኒቫን አልነዳም" ይላሉ። እባካችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ገብታችሁ እዩት። የ2011 እስከ 2020 ቶዮታ ሲየና ሦስተኛው ረድፍ ተዘርግቶ ከኋላው 39.1 ኪዩቢክ ጫማ ይተርፋል። ከላይ ከጠቀስኩት ሃይላንደር ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በሩ ተንሸራታች ስለሆነ ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ ልጅ የጎረቤትን መኪና አይመታም። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበት የሚያማቸው አዛውንት ደገፍ ሳይሉ ይገባሉ። ዳገትና በረዶ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ሲየና በአራቱም ጎማ የሚነዳ አለው። ከፍ ብሎ መቀመጥና ተጎታች መጎተት ከፈለጉ ግን እንደ ሃይላንደር ያለው ኤስ ዩ ቪ ይሻላል፤ እውነቱን ለመናገር።

ማይል ብቻ አይቶ መወሰን

"ዘጠና ሺህ ማይል ብቻ ነው የሄደው" ሲባል ደስ ይላል። ግን የ2003 እስከ 2022 ፓይለት ሞተር የሚሠራው በታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አስተባብሮ በሚያዞር ቀበቶ) ነው፤ አንድ መቶ ሺህ ማይል አካባቢ ይቀየራል። አብዛኛውን ጊዜ የውኃ ፓምፑም አብሮ ይቀየራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዘጠና ሺህ የሄደና ያልተቀየረለት መኪና፣ አንድ መቶ አሥር ሺህ ሄዶ ደረሰኝ ካለው መኪና ሊወደድብዎት ይችላል። ደረሰኙን ይጠይቁ።

የ2011 እስከ 2019 ኤክስፕሎረር 3.5 ሊትር ቪ 6 ሞተር ላይ የውኃ ፓምፑ ሞተሩ ውስጥ ተቀብሮ የሚሠራ ነው። ሲያፈስ ውኃው ከዘይቱ ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ መቀየሩም ብዙ ሥራ አለው። ዘይቱ ቡና በወተት የሚመስል ከሆነ ይተዉት። ሲቪቲ ካምቢዮ (ቋሚ ማርሾች የሌሉት አውቶማቲክ ካምቢዮ) ያላቸውን፣ ለምሳሌ ፓዝፋይንደርን ከ2013 እስከ 2020 እና ሱባሩ አሰንትን፣ ሲሞክሩ ዳገት ላይ ሰው ጭነው ይሞክሩ። መንቀጥቀጥ ወይም መንተፋተፍ ካለ መካኒክ ሳያየው አይግዙ።

የትኛውንም ቢመርጡ ሻጩ ያልመረጠው፣ የራስዎ መካኒክ ይየው። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ አያስቆጭም።

ከኋላ ያለውን አለመፈተሽ

ሦስተኛው ረድፍ ብዙ ሰው የማይነካው ቦታ ነው። ብልሽትም እዚያ ይደበቃል። እያንዳንዱን ወንበር አጥፈው ይዘርጉ። የሚጎተተው ማሰሪያ ተበጥሶ፣ ወንበሩም ሳይቆለፍ ቀርቶ ያየሁት ጊዜ አለ። ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻ ስበው ይልቀቁ፤ የመሃሉ ከጣሪያው የሚወርድ ከሆነ እሱንም። የራስ መደገፊያዎቹ ሁሉም መኖራቸውን ይቁጠሩ። የመጋረጃ ኤርባጉ እስከ ሦስተኛው ረድፍ መድረሱን ከመኪናው መመሪያ ያንብቡ። ኤሲውን ከፍተው ኋላ ይቀመጡ። ሐምሌ ላይ ዋሽንግተን አካባቢ ኋላ አየር ካልደረሰ ልጅ ያለቅሳል።

የወለሉን ምንጣፍና የስኮርታ ጎማውን ቦታ ያንሱ። ጭቃ፣ የወንበር ሐዲድ ላይ ዝገት፣ የሻጋታ ሽታ ካለ መኪናው ጎርፍ አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ንጹህ ነው ቢባልም ይውጡ።

ወረቀቱን በተመለከተ ሁለት ነገር። ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የመኪናውን መለያ በፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። ያልተሠራለት ሪኮል (ኩባንያው ለጥገና የጠራበት ጉድለት) ካለ ያለ ክፍያ ይነግርዎታል፤ ጥገናውንም ብዙ ጊዜ የመኪናው ኩባንያ ዲለር በነጻ ይሠራል። ዲለር ያገለገለ መኪና ሲሸጥ መስኮቱ ላይ "ባየርስ ጋይድ" የሚባል ወረቀት መለጠፍ ግዴታው ነው። "አዝ ኢዝ" (እንዳለ) የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ከበሩ ከወጡ በኋላ ዲለሩ የመጠገን ኃላፊነት አልወሰደም ማለት ነው። በቃል የተነገረዎትን ተስፋ እዚያው ወረቀት ላይ ያስጽፉት።

እኛ የመጀመሪያዋን መኪና የገዛነው ከሥራ መልስ፣ መሽቶ፣ እኔና ባለቤቴ ብቻ ሆነን ነው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ደውዬ "ሦስት ካር ሲትና አንድ ሻንጣ ይዘን እንመጣለን፣ ግማሽ ሰዓት እንፈልጋለን" እላለሁ። ደስ ብሎት "ኑ" የሚል ሻጭ ጋ እንሄዳለን። የሚያመነታውን አመስግኜ ስልኩን እዘጋለሁ።