አዲስ ሙዚቃ ስትፈልጉ ሌብሉን ተከተሉ

አዳዲስ የኢንዲ (ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ የሚሠራ ሙዚቃ) እና የኤሌክትሮኒክ ሥራዎችን ለምትወዱ፦ አርቲስቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውን ያሳተመውን ሌብል፣ ማለትም የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅቱንም ተከተሉ። የሙዚቃ መተግበሪያዎች የሚጋብዟችሁ አብዛኛውን ጊዜ የለመዳችሁትን የሚመስል ነው። ከትንሽ ሌብል ጀርባ ግን እያንዳንዱን ሥራ በጆሮው መዝኖ የሚያወጣ ሰው አለ። በ1989 ሼፊልድ ውስጥ የተመሠረተውን ዋርፕን እዩት፤ ኤፌክስ ትዊንንም ቦርድስ ኦፍ ካናዳንም የመሳሰሉ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞችን ያሳተመ እሱ ነው። አንዱን የወደደ ሌላውን ቢሞክር አይከስርም።

አርቲስቶችና ሌብሎች ሙዚቃቸውን በቀጥታ ለአድማጭ በሚሸጡበት ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕ ላይ፣ የወደዳችሁትን አልበም ክፈቱ፣ የሌብሉን ገጽ ተከተሉ፤ አዲስ ነገር ሲወጣ በኢሜይል ይነገራችኋል። እዚያው አልበሙ ሥር የገዙት ሰዎች ትንንሽ ምስሎች ተደርድረዋል። አንዱን ንኩና ሌላ ምን እንደገዛ ተመልከቱ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም! ገንዘቡን አውጥቶ የገዛ ሰው ምርጫ ከየትኛውም ዝርዝር ይበልጥ ይታመናል።

ከ2015 ወዲህ አብዛኛው አዲስ ሥራ የሚለቀቀው ዓርብ ስለሆነ ጆሯችሁን ለዚያ ቀን አዘጋጁት። መግዛት ከፈለጋችሁ ደግሞ የባንድካምፕ ዓርብ የሚባለውን ቀን ጠብቁ፤ ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ በአብዛኛው የሚወስደውን 15 በመቶ በዚያ ቀን ለአርቲስቱ ይተወዋል።

ብቻ እባካችሁ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሰምታችሁ አትፍረዱ። ወፍራሙ ቤዝ እዚያ ውስጥ ጨርሶ አይሰማም፤ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙዚቃውን የሚሸከመው እሱ ነው። ኢርፎን አድርጉና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትዘልሉ ስሙት።