ያለ ይለፍ ቃል የሚከፈት የሕንፃ ደህንነት ሶፍትዌር፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የጭስ፣ የጋዝና የሙቀት ሴንሰሮችን በአንድ ስክሪን በሚሰበስብ ሶፍትዌር ላይ ማረጋገጫን ማለፍ የሚያስችል ክፍተት ካለ፣ አጥቂው ይለፍ ቃል መስበር አያስፈልገውም፤ መግቢያ ገጹን በማይነካ መንገድ ጥያቄውን መላክ ይበቃዋል። ከዚያ ደወሉን ዝም ያሰኛል፣ የጋዙን የማስጠንቀቂያ ገደብ ጋዙ ሊቀጣጠል ከሚችልበት ዝቅተኛ መጠን ከ20 ወደ 80 በመቶ ከፍ ያደርጋል፤ ስክሪኑ ግን «ሁሉም ደህና» ማለቱን ይቀጥላል። ከኔትወርክ የሚደረስበት፣ መለያም ሆነ የሌላ ተጠቃሚ መሳሳት የማይፈልግ እንዲህ ያለ ክፍተት የሶፍትዌር ክፍተቶች ክብደት በሚመዘንበት በሲቪኤስኤስ መለኪያ ከ10 ውስጥ 9.8 ሊያገኝ ይችላል።

ማንነትን ገጹ ላይ ብቻ መጠየቅ

ዋናው ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ የእሱ ልጆች ናቸው። በብሮውዘሩ ውስጥ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት ተጠቃሚው እንዳልገባ ሲያይ ወደ መግቢያ ገጹ ይመልሰዋል፤ መረጃውን የሚሰጠው ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገሩበት በር) ግን ማንንም «ማን ነህ?» አይልም። የባሰው ደግሞ ሰርቨሩ 302 («ወደ ሌላ ገጽ ሂድ» የሚል የመልስ ቁጥር) ብሎ ወደ መግቢያው እየመለሰ ኮዱ እዚያው ሳይቆም ሲቀር ነው። ብሮውዘሩ ወደ ሌላ ገጽ ስለሄደ አይታይም እንጂ የሴንሰሮቹ ዝርዝር አብሮ ተልኳል፤ ትእዛዝ ከነበረም ተፈጽሟል።

የራስዎ በሆነ ወይም በጽሑፍ በተፈቀደልዎ ሲስተም ላይ እንዲህ ይፈትሹ። በመለያዎ ገብተው የብሮውዘሩን የገንቢዎች መሣሪያ ይክፈቱ፤ «ኔትወርክ» በሚለው ክፍል የሚያልፉትን አድራሻዎች ሁሉ ይመዝግቡ። ከዚያ መረጃ የሚያነቡትን አንድ በአንድ ያለ ኩኪና ያለ ቶከን (መግባትዎን ለሰርቨሩ ከሚያሳዩት ምልክቶች ውጭ) ከርል በተባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ይላኩ። ትክክለኛው መልስ 401 («ማንነትህ አልተረጋገጠም») ነው። 200 («ተሳክቷል») ከነመረጃው ከመጣ ክፍተቱ ተገኝቷል፤ 302 ከመጣ የመልሱን አካል ሳያነቡ አይለፉት። ቀጥሎ በተራ ተመልካች መለያ የአስተዳዳሪን ጥያቄ ይላኩ፤ 403 («አልተፈቀደልህም») መምጣት አለበት። ፖስት፣ ፑትና ዲሊት የሚጠቀሙትን፣ ማለትም መረጃ የሚቀይሩ ወይም የሚያጠፉ ጥያቄዎችን፣ ግን ለሙከራ በተለየ መሣሪያ ላይ ብቻ ይሞክሩ። በሥራ ላይ ባለው ሕንፃ ክፍተቱ ካለ ደወሉ እውነትም ይጠፋል።

መፍትሔው በየገጹ ቁልፍ መጨመር አይደለም፤ አንዱ መረሳቱ አይቀርም። ሰርቨሩ ሁሉንም አድራሻ ከመነሻው ይከልክል፤ ነፃ የሚሆኑት፣ ማለትም መግቢያ ገጹና ምስሎቹ፣ በስም ይዘርዘሩ። ከነፃዎቹ በቀር አድራሻዎቹን ሁሉ ያለ ቶከን እየጠየቀ 401 መምጣቱን የሚያይ አውቶማቲክ ሙከራም አዲስ ቅጂ ከመውጣቱ በፊት ይሂድ።

ነፃ አድራሻዎችን በከፊል ማመሳሰል

ኮዱ «በአድራሻው ውስጥ የመግቢያ ገጹ ስም ካለ አሳልፍ» ወይም «መጨረሻው የምስል ፋይል ከሆነ አትጠይቅ» የሚል ከሆነ፣ አጥቂው ያንኑ ቃል በተከለከለው አድራሻ ጫፍ ላይ ይቀጥላል። ጥያቄውን ቀድሞ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ፕሮክሲና ከኋላ ያለው ሰርቨር ድርብ እዝባርን ወይም በፐርሰንት ኮድ የተጻፈን ነጥብ በተለያየ መንገድ ሲያነቡም ውጤቱ ያው ነው። አድራሻው መጀመሪያ ወደ አንድ ወጥ መልክ ይመለስ፤ ከዚያ ሙሉ ለሙሉ ይነጻጸር። ፍተሻው ትእዛዙን በሚፈጽመው ሰርቨር ላይም ይደገም።

«ከውስጥ ነው የመጣው» ብሎ ማመን

የላኪውን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ከጥያቄው ሄደር፣ ማለትም አብሮ ከሚላከው መግለጫ፣ የሚያነብ ሶፍትዌር ላኪው የጻፈለትን ያምናል። ፕሮክሲው ከውጭ የመጣውን ሄደር ደምስሶ የራሱን ይጻፍ፤ ከኋላ ያለው ፖርትም ከፕሮክሲው በቀር ለማንም አይከፈት።

የተረሱ በሮች

ዌብሶኬት (ሳይቋረጥ ክፍት የሚቆይ ግንኙነት)፣ የፋየርምዌር (የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር) መጫኛ፣ የባክአፕ ማውረጃ፣ ለድሮው የሞባይል መተግበሪያ ተብሎ የቀረ ኤፒአይ። ባክአፑ በተለይ አደገኛ ነው፤ የይለፍ ቃሎች ሃሽ (የተቀየረ ቅርጻቸው) እና የሌሎች መሣሪያዎች ቁልፍ በውስጡ ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያ ማዋቀሪያው ገጽ ሥራው ካለቀ በኋላ ክፍት ከቀረ ማንም አዲስ አስተዳዳሪ ይፈጥርበታል። ለቴክኒሻን ተብሎ ፋየርምዌሩ ውስጥ የተቀበረ መለያ ካለማ ነገሩ ከአንድ ሕንፃ ያልፋል፦ ያንኑ ፋየርምዌር የጫነ ሁሉ በዚያው ይለፍ ቃል ይከፈታል።

ድሩን ዘግቶ ፕሮቶኮሉን መርሳት

የሕንፃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ፕሮቶኮሎች ሞድባስ በቲሲፒ 502፣ ባክኔት በዩዲፒ 47808 ፖርት ይሠራሉ። ተራው ሞድባስ ማንነት የሚጠይቅበት መንገድ የለውም፤ ባክኔትም በተለመደው አተካከሉ አይጠይቅም። ጥገና የሚሠራ ድርጅት ከርቀት እንዲገባ ራውተሩ ላይ አንዱ ፖርት ከተከፈተ የድር መግቢያው ጥንካሬ ፋይዳ የለውም። መሣሪያዎቹ በተለየ ቪላን (ከሌላው ተነጥሎ በተከፈለ ኔትወርክ) ይቀመጡ፤ የርቀት መዳረሻ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) እና በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ብቻ ይሁን። መሣሪያው ከፈቀደ በሰርተፊኬትና በቲኤልኤስ ምስጠራ ወደሚሠራው ባክኔት ሰኪዩር ኮኔክት መሸጋገር ይሻላል።

አፕዴት ጭኖ መተው

አፕዴቱ በሩን ይዘጋል እንጂ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። ክፍት ሴሽኖችን (ገብተው ያልወጡ ተጠቃሚዎችን) ሁሉ ያቋርጡ፤ የኤፒአይ ቁልፎችንና ይለፍ ቃሎችን ይቀይሩ፤ የማያውቁትን መለያ ያጥፉ። የእያንዳንዱን ሴንሰር የማስጠንቀቂያ ገደብ በርክክብ ጊዜ ከተመዘገበው ጋር ያስተያዩ። ስክሪኑን አይመኑ፤ ለክትትል ማዕከሉና ለሕንፃው ጥበቃ አስቀድመው አሳውቀው ሴንሰሮቹን በመሞከሪያ ጋዝና በመሞከሪያ ጭስ ያስነሱ። የእሳት ማንቂያ ፓነሉ ደወሎቹን በራሱ ሽቦ እንዲያንቀሳቅስ፣ ሶፍትዌሩም ከፓነሉ ማንበብ እንጂ ወደ ፓነሉ መጻፍ እንዳይችል ተደርጎ መገናኘቱን ያኔውኑ ይዩ፤ የመጀመሪያውን ለማረጋገጥ ሰርቨሩን አጥፍቶ አንድ የጭስ ሴንሰር ማስነሳትና ደወሉ መጮኹን መስማት ይበቃል።