ኩላሊቷ የደከመ ድመትን በመጨረሻ ቀናቷ መንከባከብ

ኩላሊቷ የደከመ ድመት ውሃ ታበዛለች፣ ትከሳለች፣ አፏ ይሸታል። ውሃ አትከልክሏት። መብላት ካቆመች ግን 2 ቀን ሳይሞላ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ ጾም ውሎ ማደር ጉበቷን በስብ ይሞላዋል። ፓራሲታሞል በፍጹም አትስጧት! ግማሽ ፍሬ እንኳን ሊገድላት ይችላል።

ለክረምት ብርድ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎኗ ብቻ አኑሩላት፤ ሲሞቃት ፈቀቅ እንድትል።

በመርፌ እንድታርፍ ከወሰናችሁ ሐኪሙ አስቀድሞ ማደንዘዣ እንዲሰጣት ጠይቁ። ዓይኗ ሳይከደን ሊቀር ይችላል፤ ስቃይ አይደለም፣ አትደንግጡ።

ስትቀብሯት በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሏት፣ ፌስታል አይሁን። ጉድጓዱ 1 ሜትር ይጥለቅ፣ ከላይም ድንጋይ ደርድሩበት። የሰፈር ውሾች ቆፍረው ካወጧት በሰውነቷ የቀረው መድኃኒት እነሱንም ይመርዛል።