ከፕሮስቴት ካንሰር በኋላ አጥንትን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ካንሰሩን ተሻግረው የጎንደርን ዳገትና ቁልቁለት እንደ ድሮው የሚወጡ የሚወርዱ አባቶች አሉ። ክትትላቸው ግን ብዙ ጊዜ ፕሮስቴቱ ላይ ብቻ ይቀራል። አጥንትዎን የሚያስታውስ ከሌለ እርስዎ ያንሱት።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ሕክምና እንደወሰዱ ይወቁ። ቀዶ ጥገና ብቻ የተደረገለትና ሆርሞን የሚቀንስ መርፌ የሚወጋ ሰው አንድ አይደሉም። በየወሩ ወይም በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ያወርዳል። የዘር ፍሬ በቀዶ ጥገና ከወጣም ያው ነው። ቴስቶስትሮን ሲወርድ የሚፈርሰው አጥንት ከሚተካው ይበልጣል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። አያምም፣ አይታወቅም። አንድ ቀን ዳሌ፣ አከርካሪ ወይም የእጅ አንጓ ይሰበራል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት አብሮ ከተሰጠ ይብሳል።

ቀጥሎ ልኬት ነው። የአጥንት ጥንካሬ ዴክሳ በሚባል መሣሪያ ይለካል። ቲ-ስኮር የሚባለው ውጤት -2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ይባላል። መሣሪያው በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ የት እንደሚላኩ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቁመትዎ ካጠረ፣ ጀርባዎ ከጎበጠ ወይም በትንሽ መውደቅ ተሰብረው ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ምግብ ላይ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። ጾም ሲገባ ግን ወተትና እርጎ ይቀራሉ፤ ጾማችን ደግሞ ብዙ ነው። ያኔ ጎመን ይደጋገም፤ ከመተማ የሚመጣው ሰሊጥም ሳይላጥ ይበላ። ጸሐይም ያስፈልጋል። ጋቢ እስከ አፍንጫ ተከናንቦ ጸሐይ መሞቅ ግን ለቫይታሚን ዲ አይቆጠርም፤ ፊትና ክንድ ይገለጥ። ሲጋራ ይቁም፣ አረቄው ይቀነስ።

በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት የሚባል የአጥንት መድኃኒት ከታዘዘ ማለዳ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። ከዚያ 30 ደቂቃ መተኛት የለም። ቡናውም ይታገሥ። በደም ሥር ወይም በመርፌ የሚሰጥ የአጥንት መድኃኒት ከታሰበ ደግሞ አስቀድመው ጥርስዎን ይታዩ፤ ከጀመሩ በኋላ ጥርስ ማስነቀል መንጋጋን ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው፦ አለመውደቅ። ከፕሮስቴት ሕክምና በኋላ ሌሊት ለሽንት መነሳት የተለመደ ነው። መጸዳጃው ውጭ ነው፣ መብራት የለም፣ ደጁ ረጥቧል። ባትሪ ትራስጌዎ ይደር። ነጠላ ጫማውን ትተው የማያንሸራትት ይልበሱ። ካስፈለገም ፖፖ አልጋው ሥር ይቀመጥ፤ ነውር የለውም። ምርኩዝ መያዝ የሚያሳፍራቸው አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን መቋሚያ ይዘው ይቆማሉ። ያንኑ ኮብልስቶኑም ላይ ይያዙት። በየቀኑ ይራመዱ፤ በፋሲል ግንብ አጥር ዙሪያ ቢሆንም ይበቃል። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ደጋግሞ መነሳትም ጭን ያጠነክራል። ጎንበስ ብሎ ጀሪካን ማንሳት ግን ለልጆቹ ይተው።

አዲስ የጀርባ ሕመም ሲመጣ ወደ ወጌሻ አይሂዱ። የሳሳ አከርካሪ በመታሸት ሊሰበር ይችላል። ሕመሙ ካንሰሩ ወደ አጥንት በመዛመቱም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም አይቶት ራጅ ይነሱ። እግር ከደከመ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።