ስትሮክ የመታው ሰው ቤት ሲገባ የግፊት መድኃኒቱን እንዴት እንስጠው?

ደብረ ማርቆስ አባቴን ሳስታምም የለመድኩትን ነው የምጽፈው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ እዛ ውስጥ አልገባም።

መጀመሪያ ግፊቱን ለማውረድ አትቸኩሉ። ጤነኛ አእምሮ ግፊት ከፍ ዝቅ ቢል ደም ስሩን እያጠበበ እያሰፋ ደሙን ያመጣጥናል፣ ስትሮክ የመታው ቦታ ግን ይሄ ነገር ይበላሽበታል፣ ግፊቱ ሲወርድ የሚደርሰው ደምም አብሮ ይወርዳል። ደም ስር ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ከሞተው ክፍል ዙሪያ ገና ያልሞተ በጭላንጭል ደም ያለ ቦታ አለ፣ እሱን ያቆየው ያ ከፍ ያለው ግፊት ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የላይኛው ቁጥር 190 መሆኑን እያዩ ዝም የሚሉት ለዚህ ነው፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ካልተሰጠና ሌላ አስቸኳይ ምክንያት ከሌለ ከ220/120 በታች ብዙ ጊዜ አይነኩትም። አእምሮ ውስጥ ደም ፈሶ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ የላይኛውን ወደ 140 አካባቢ ቶሎ ማውረድ ይፈልጋሉ። የቱ እንደሆነ የሚለየው ሲቲ ስካን (የጭንቅላት ራጅ) ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም፣ ስለዚህ «ኒፊዲፒን (የግፊት መድኃኒት ነው) ምላሱ ስር አድርጉለት» የሚል ከመጣ እሺ እንዳትሉ! ግፊቱን በአንዴ ይዘቀዝቀዋል።

ከዚያ መለካት። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ማሽን ግዙ፣ የእጅ አንጓው ለኔ ብር ማባከን ነው። ጠዋት ከኪኒኑም ከአቦሉም በፊት፣ ሽንቱን ሸንቶ፣ ጀርባውን ደገፍ ብሎ 5 ደቂቃ ይቀመጥ። ጋቢው ይውለቅ፣ ባልሰነፈው እጅ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ሆኖ፣ 1 ደቂቃ እያረፋችሁ ሁለቴ ለክታችሁ ጻፉት። ጠያቂ ቤቱን ሞልቶ «እግዜር ይማርህ» ሲል እሱም «አሜን» እያለ የተለካ ቁጥር አትመኑት።

ኪኒኑን ቀና ብሎ ተቀምጦ ይዋጥ፤ ውሃ ሲጠጣ ትን የሚለው ከሆነ በግድ አትስጡ፣ ሐኪም ጠይቁ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው ሽንት የሚያሸና የግፊት ኪኒን ጠዋት ነው፣ ማታ ከሰጣችሁት ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለሱ ነው የምታድሩት። የትናንቱ ከተረሳ ከዛሬው ጋር አትደርቡ። ጸበል የሚሄድም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ፣ ሁለቱ አይጣሉም።

ሲነሳ መጀመሪያ እግሩን አውርዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቆይ። ካዞረው መልሳችሁ አስተኙት። ተቀምጦ ለኩ፣ ከዛ አንድ ሰው ይዞት ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ፤ የላይኛው በ20 ወይ የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ መድኃኒቱን ራሳችሁ አታቋርጡ። ውሎ አድሮ የሚፈለገው ከ130/80 በታች ነው፣ ግን ቀስ እያለ።

አፉ ከተጣመመ፣ ንግግሩ ከተያዘ ወይ እጁ እንደገና ከዛለ ማሽን ፍለጋ አትሩጡ፣ ባጃጅም ይሁን ያገኛችሁትን ይዛችሁ ሆስፒታል።